አንገቴ ላይ አንድ ኪሎ

ሮም የሄድኩት አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበትን መንገድ፣ እሱ በሮጠበት የብርሃን ሰዓት ፎቶ ላነሳ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ ማራቶኑ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ግርጌ የተነሳው ከቀኑ በ11 ሰዓት ተኩል ነበር። ያበቃው ከመሸ በኋላ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። የኦሎምፒክ ማራቶን ከስታዲየም ውጭ ተጀምሮ ከስታዲየም ውጭ ሲያልቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። አገር ቤት ምሽቱ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፤ ሰው አደይ አበባና እንግጫ ይዞ ነጋ አልነጋ በሚልበት ሰዓት፣ አበበ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ፈጸመ። በፀሐይ ተጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ መንገድ ለሯጭ ብቻ ሳይሆን ለካሜራም ፈተና ነው። ስለዚህ ወደ ሮም ስነሳ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት ዓመታት ያገለገለኝን ኒኮን ዲ 90 ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሮም ስትኖር ቆይታለች። አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ስለምትተዳደር ከተማዋን በአውቶቡስ ቁጥርና በደረጃ ብዛት ነው የምታውቃት። ባቡር ጣቢያ ስትቀበለኝ ከሰላምታው ቀጥሎ ዐይኗ አንገቴ ላይ አረፈ።

«ይሄን ሁሉ ብረት ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክመህ መጣህ?»

ከእጅ ቦርሳዋ የሲጋራ ፓኬት የምታህል ብርማ ካሜራ አወጣች። እሷም 12 ሜጋፒክስል ነች፤ የእኔም 12.3። «እኩል ናቸው፤ የእኔ ግን አንገት አታሳምምም» አለች። ክርክራችን እዚያው ተርሚኒ ጣቢያ ደጃፍ ጀመረ፤ እስክለያት ድረስም አላቆመም።

ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቸንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም ዓመቱን በዚሁ ነው የምቆጥረው) በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ሙታን መታሰቢያ ነው። ሮም ውስጥ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ከኢትዮጵያ ጋር መገናኘት ይቻላል። ከዚያው አደባባይ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሰው እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። እኔ ሁለት እጄን ካሜራው ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ የጀርባ ቦርሳዬን ዚፕ የከፈተ እጅ በጨርቅ የተጠቀለለውን የባትሪ ቻርጀር ይዞ ወረደ። ሌንስ መስሎት ይሆናል። ያወቅነው ቤት ገብተን ቦርሳውን ስንፈታ ነው።

«እግዜር ይይለት» አለች የአክስቴ ልጅ። «አሁን ይሄ ነገር ስንት ፎቶ ያነሳል?»

የትልቁ ካሜራ አንዱ በጎነት የታየኝ ያን ጊዜ ነው። እንደ ዲ 90 ያለው ካሜራ፣ ዲ ኤስ ኤል አር የሚባለው፣ ዐይንን የሚያሳርፈው መስተዋት ላይ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን ውስጥ ካለው መስተዋት ነጥሮ፣ በፕሪዝም ዞሮ ዐይን ዘንድ ይደርሳል፤ ለዚህ ሁሉ አንድም የኤሌክትሪክ ጠብታ አይፈጅም። ስለዚህ የዲ 90 ባትሪ በኢንዱስትሪው መለኪያ አንድ ጊዜ ተሞልቶ 850 ፎቶ ያነሳል ተብሎ ተመዝግቧል። ኪስ የሚገቡት ካሜራዎች ግን ለማየትም ስክሪናቸውን ማብራት አለባቸው፤ ብዙዎቹ ከ200 እስከ 300 ፎቶ አንስተው ይደክማሉ። የአክስቴ ልጅ ማታ ማታ ባትሪዋን ግድግዳ ላይ ስትሰካ የእኔው ከአዲስ አበባ ሞልቶ በመጣው ብቻ ሰነበተ። ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ያነሳሁትን ሳላይ፣ በፊልም ዘመን እንደነበረው አምኜ አነሳሁ። እስከ መጨረሻው ምሽት አደረሰኝ።

በማግስቱ ወደ ቫቲካን ሄድን። እዚያ ማየት የፈለግሁት የራሳችንን ቤት ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አለ። ጳጳስ ሲክስጦስ 4ኛ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጥተውት፣ ኢየሩሳሌምን አልፈው ሮም የደረሱ አባቶች አርፈውበታል። በግዕዝ የታተመው አዲስ ኪዳን በ1548 ሮም ላይ ለኅትመት ሲበቃ የደከሙት አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው የዚያ ቤት ሰዎች ነበሩ። በ1919 ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 15ኛ ቤቱን የኢትዮጵያ ኮሌጅ አደረጉት፤ በኋላም ኮሌጁ እዚያው ቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ አዲስ ሕንፃ ተሠራለት። እዚያ የሚገባው ቀድሞ በተያዘ ጉብኝት ነውና እኛ ከላይ ልናየው ወደ ጉልላቱ ወጣን።

ጉልላቱ በእግር ከተወጣ 551 ደረጃ ነው። የካሜራዬ አካል ከነባትሪው 703 ግራም፣ ከ18 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ሌንስ 420 ግራም ነው፤ ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ለመጀመሪያዎቹ መቶ ደረጃዎች አንድ ኪሎ ምንም አይደለም። ከዚያ በላይ መተላለፊያው በጉልላቱ ሁለት ግድግዳዎች መካከል እየጠበበ፣ እየተጣመመ ሲሄድ ሰው ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይራመዳል። ካሜራው አንዴ ደረቴን፣ አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ ከኋላዬ የመጡትን ሴትዮ ይመታል። የአክስቴ ልጅ የእሷን ካሜራ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ቀድማኝ ወጥታለች፤ ድምጿ ብቻ ከላይ ይመጣል፦ «በርታ! አበበን አስብ!»

ላይ ስንደርስ ቀትር ነበር። ሮም በሙሉ ብርሃን ተዘርግታለች። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በዛፎቹ መካከል፣ ኮሌጁን አየነው። ሁለታችንም አነሳን። ማታ ቤት ገብተን ሁለቱን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው፣ እንደ ፖስት ካርድ ታትመው ቢሆን ማንም አይለያቸውም ነበር። ይህን በቅንነት መናገር ይገባል፤ ብርሃን በተትረፈረፈበት ትንሹ ካሜራ አያንስም። እንዲያውም የሚበልጥበት ነገር አለ። ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ሌንሱም አጭር ነው፤ አጭር ሌንስ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውንና ሩቅ ያለውን አንድ ላይ አጥርቶ ይይዛል። በትልቁ እንዲህ ያለ ጥራት ለማግኘት የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ፣ ማሰብ፣ መቁጠር ያስፈልጋል።

ከጉልላቱ ወርደን ሲስቲን የጸሎት ቤት ስንገባ ግን ሁለቱም እኩል ሆኑ፤ እዚያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ምክንያቱን ሳውቅ ገርሞኛል። ከ1980 እስከ 1994 የማይክል አንጄሎ ሥዕሎች ሲታደሱ ወጪውን የሸፈነው የጃፓኑ ኒፖን ቴሌቪዥን ነበር፤ በምላሹም የሥዕሎቹን ምስል የማሳየት ብቸኛ መብት ተሰጠው። የመብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ክልከላው ግን እስካሁን አለ። በጣሊያን መንግሥት ሙዚየሞች ከ2014 ጀምሮ ለግል ማንሳት በሕግ ተፈቅዷል፤ ፍላሽና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ግን አይፈቀድም። ይህች «ግን» ለክርክራችን ትልቅ ነገር ናት። ፍላሽ የለም፣ ማቆሚያ የለም ማለት፣ ካሜራው በእጅ ተይዞ ደብዘዝ ባለው ብርሃን ምን ያህል ያያል ወደሚለው ይመልሰናል።

ምን ያህል ያያል? ሜጋፒክስሉ እኩል ነው፤ ሴንሰሩ ግን እኩል አይደለም። የዲ 90 ሴንሰር 23.6 በ15.8 ሚሊ ሜትር ነው። የእሷ ዓይነት ካሜራዎች ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በስፋት ሲታሰብ የእኔው 13 ጊዜ ይበልጣል። ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ገበቴና ሲኒ ብናስቀምጥ በአንድ ሰዓት የትኛው የበለጠ ውኃ እንደሚይዝ የታወቀ ነው፤ ብርሃንም እንዲሁ ነው። አንድ ዓይነት 12 ሚሊዮን ነጥብ በአንዱ ላይ ተዘርግቶ፣ በሌላው ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል። የተጨናነቀው ብርሃን ሲያንሰው ምልክቱን ለማጉላት ይገደዳል፤ ሲያጎላው ደግሞ ሸካራ ቅንጣት አብሮ ይጎላል። ዲ 90 የወጣው በ2008 ነው፤ ቪዲዮ መቅረጽ የቻለ የመጀመሪያው ዲ ኤስ ኤል አርም እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት ወጣ። የአንድ ሴንሰር ስፋት ግን አያረጅም። አሮጌ ነው ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ካሜራ ጨለማ ውስጥ ከሱ በኋላ የተሠራውን ትንሽ ካሜራ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ አዳምጣ «እሺ፣ እማማ ዘንድ እንሂድና እናያለን» አለች።

እማማ ሮም ከመጡ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ የጎንደር ሰው ናቸው። ከቅዳሴ መልስ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ትልቁን ካሜራ ሳወጣ ወዲያው ተነሡ።

«ቆይ ልጄ፤ ነጠላዬን ላስተካክል።»

መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አያቶቻችን ፎቶ ቤት የተቀመጡት አቀማመጥ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲያነሱ ሰው እንዲህ ተከብሮ ይቀመጥ ነበር። 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ገጠምኩ፤ ቀዳዳው እስከ 1.8 ስለሚከፈት ከቀድሞው ሌንስ ቢያንስ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የመስኮቱ ብርሃን በአንድ ጉንጫቸው፣ የጥልፉ ክር በነጠላው ጠርዝ ላይ ተያዘ፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳና የተንጠለጠለው ልብስ ደብዝዞ ጠፋ። ሴትዮዋ ንግሥት መሰሉ።

ከዚያ ቡናው ሲቀዳ፣ ስለ ወጣትነታቸው ሲያወሩ፣ የአክስቴ ልጅ በዚያች በብርማዋ አነሳቻቸው። እማማ ካሜራ መሆኗን እንኳ ልብ አላሏትም፤ ሲኒ በእጃቸው እንደያዙ ጥርሳቸው ሁሉ ታይቶ ሲስቁ ወጡ። ፎቶው ሸካራ ነው፣ አምፖሉ ቢጫ አድርጎታል። ግን እማማን ለሚያውቅ ሰው እሳቸው ናቸው።

ሁለቱን አሳየናቸውና የትኛውን እንደሚወዱ ጠየቅናቸው። የተቀመጡበትን መረጡ። «ይሄን ለእኅቴ ልጆች ጎንደር ላኩልኝ፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።» ከዚያ የሚስቁበትን ዝቅ ብለው አዩት። «ይሄን ደግሞ ለእኔ።»

በዚያው የአክስቴ ልጅ አንድ የቆየ ፎቶ ከመሳቢያ አወጣች፤ ያቺው ትንሽ ካሜራ ያነሳችው ነው። በማርች 21 ቀን 2010 የተካሄደው የሮም ማራቶን የአበበ ድል 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ነበር። ያሸነፈው ሲራጅ ገና የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ጫማውን አውልቆ፣ ለአበበ ክብር በባዶ እግሩ ጨረሰ። የአክስቴ ልጅና እማማ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ሲያልፍ አዝራሯን ተጫነች።

ትንንሾቹ የዚያ ዘመን ካሜራዎች የሚያጠሩት ራሱ ሴንሰሩ ላይ በወደቀው ምስል ነው፤ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ጥርት ያለውን ይፈልጋሉ። በዲ ኤስ ኤል አር ውስጥ ግን ከመስተዋቱ በታች ለዚሁ ሥራ የተቀመጠ ሌላ ሴንሰር አለ፤ ሌንሱ ወዴትና ምን ያህል መዞር እንዳለበት በአንድ ጊዜ ይነግረዋል። ለቆመ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ለሯጭ ግን ያቺ ቅጽበት ብዙ ሜትር ናት። ብርማዋ ፈልጋ፣ አጥርታ፣ ስትይዝ ሲራጅ አልፏል። በፎቶው ውስጥ ሯጭ የለም። ያለው ከመንገዱ ማዶ የተሰለፈ ሕዝብ፣ አንድ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራ፣ በስተግራ ደግሞ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው የሚያለቅሱ እማማ ናቸው።

«ትልቅ ካሜራ ቢኖርሽ ሯጩን ትይዢው ነበር» አልኳት።

እማማ ፎቶውን ከእጄ ወሰዱት። «ሯጩን ዓለም ሁሉ አንስቶታል ልጄ፤ እኛን ግን ከእሷ በቀር ያነሳን የለም።»

በዚህ ንግግር ላይ ብዙ አሰብኩ። የአበበን የ1960 ምሽት የምናየው በውጭ ጋዜጠኞች ፎቶና ፊልም ነው። ያንን ስላስቀሩልን ምስጋና ይገባቸዋል። በዚያ ምሽት መንገድ ዳር የቆሙት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች፣ ካህናትና ሠራተኞች ግን ምን ዓይነት ፊት ነበራቸው? ከጣሊያን ወረራ ማግስት፣ በዚያችው ወራሪ ከተማ፣ ሰው አለቀሰ ወይስ ዘለለ? ያንን ሊያነሳ የሚችለው ከመካከላቸው ካሜራ የያዘ ሰው ብቻ ነበር። የራስን ሕዝብ ፎቶ ማንሳት ለሌላ የማይተው ሥራ መሆኑን ያመንኩት እማማ ቤት ነው።

በመጨረሻ ወደ መንገዱ ሄድን። በ1960 ጣሊያን በበጋ ሰዓቷን አታስቀድምም ነበር፤ አሁን ግን ታስቀድማለች። ስለዚህ የአበበን ብርሃን ለማግኘት በሰዓቱ ሳይሆን ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ዘግይተን መነሳት ነበረብን። አሮጌውን የአፒያ መንገድ ስንይዝ ፀሐይ በጥዶቹ ግንድ መካከል ትወርድ ነበር። ሁለቱም ካሜራዎች ደስ ብሏቸው ሠሩ። ጥቁሩ ንጣፍ ድንጋይ በሠረገላ ጎማ ተቦርቡሮ አንድም ቦታ ልክ አይደለም፤ ጫማ አድርጌ እንኳ ቁርጭምጭሚቴ ተጎዳ። አበበ በዚህ ላይ፣ ወታደሮች ዳር ቆመው በያዙት ችቦ እየተመራ፣ ጎን ለጎን ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ሮጠ።

ለመመለስ የጠበቅነው አውቶቡስ አልመጣም። እየጨለመ ነበርና በቅዱስ ሰባስቲያን በር በኩል በእግር ገባን። ከካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ ስንደርስ ሰማዩ ተሰነጠቀ። የሮም ዝናብ አይመክርም፤ ይወርዳል። ዲ 90 ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ የተሠራ ስላልሆነ፣ የአክስቴ ልጅ ያንገት ልብሷን አውልቃ ጠቀለለችው፤ ቦርሳ ገባ። እሷ ግን ብርማዋን በመዳፏ ከልላ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ማንሳቷን ቀጠለች።

የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመውን ድንጋይ በ1937 ወስደው፣ ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ በታቀደው፣ በኋላ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በገባበት ሕንፃ ፊት አቆሙት። በ1947 የሰላም ውል እንመልሳለን ብለው ፈርመው ሳይመልሱ፣ በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2008 ቆመ። ዛሬ በቦታው ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ፤ የሴፕቴምበር 11 ሰለባዎች መታሰቢያ ናቸው። አበበ ከራዲ የተለየው በዚህ ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው። ከዚያ እስከ ቅስቱ ያለው ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያች አጭር ጎዳና 25 ሰከንድ ቀደመው።

የትንሿ ካሜራ ፎቶ የዓምዶቹን ጥላ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ የተዘረጋ የመኪና መብራትና የዝናብ መስመር ይዟል። ጥርት ያለ አንድም ነገር የለበትም። ፍላሿን ስታበራ ደግሞ ጥቂት ሜትር ሄዶ ዝናቡን ብቻ አበራ። ቢሆንም ያን ደቂቃ የያዘች እሷ ብቻ ናት።

ዝናቡ ሲያባራ ትልቁን አወጣሁ። የብርሃን ትብነት (አይ ኤስ ኦ) 3200፣ ቀዳዳ 1.8፣ ፍጥነት አንድ ስልሳኛ። በ1960 ፈጣን ይባል የነበረው ትራይ ኤክስ ፊልም በዚህ መለኪያ 400 ነበር። በእጄ ይዤ፣ ያለ ማቆሚያ፣ ከጎዳናው መካከል እስከ ቅስቱ ድረስ ያለውን አነሳሁ። እርጥቡ ድንጋይ፣ በ315 የተመረቀው ቅስት፣ ከጎኑ የበራው ኮሎሲየም፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትራመድ የአክስቴ ልጅ። ጫማዋ ረጥቦ ስለከበዳት ነው ያወለቀችው፤ እኔ ግን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ዲ 90 በሰከንድ አራት ተኩል ፎቶ ያነሳል። ቤት ገብተን ስናያት «እንግዲህ ይሄን የእኔዋ አትችለውም» አለች። እኔም የፖርታ ካፔናውን ዝናብ የእኔው እንዳልያዘው ነገርኳት።

ዛሬ ወጣቶች እንደ ብርማዋ ያሉ የቆዩ ትንንሽ ካሜራዎችን ከመሳቢያ እያወጡ እንደገና ይዘዋቸዋል። ጥሩ ነው። አሮጌው ዲ ኤስ ኤል አርም በአነስተኛ ዋጋ ይገኛል፤ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢጨመርለት ለሠርግ ምሽት፣ ለጥምቀት ዋዜማ፣ ለትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ የሚሆን ዐይን ነው። የትኛው ይሻላል ለሚለኝ ሰው ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ማንን ልታነሳ ነው? በምን ብርሃን? ቀን ከሆነ፣ ሰዎቹም የሚያወሩና የሚስቁ ከሆነ ትንሹን ይያዝ። የሚመሽ ከሆነ፣ ወይም ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ክብር ከሆነ አንድ ኪሎውን ይሸከም፤ አንገት ያገግማል።

ሮም ለምትኖሩም አንድ ልመና አለኝ። የሮም ማራቶን በየዓመቱ ይሮጣል። የእኛ ሯጮች ሲያልፉ ሯጩን ለጋዜጠኞች ተዉት፤ ወደ ጎን ዙሩና ባንዲራ የያዙትን እናቶች፣ ከሥራ አምልጠው የመጡትን፣ ሮም የተወለዱትን ልጆች አንሱ። አሳትሙት። ከጀርባው በእርሳስ ዓመቱን፣ ቦታውንና የእያንዳንዱን ሰው ስም ጻፉበት።